ከመርዶው የቀደመ ልቅሶ

አርብ፣ ግንቦት 9። ከኢፍጣር በኋላ።

ሳምቡሳ ጠቅልያለሁ፣ ሾርባ ጥጃለሁ፣ የመዳም እህቶች ሳይመጡ ወጥቻለሁ። አርብ ከዐስር፣ ከተሲያቱ ሶላት፣ በኋላ የራሴ ነኝ። ካርቱም ሁለት ከሚባለው ሰፈር እስከ ሳጃና በእግሬ። ሀፍላ፣ የከተማው አውቶቡስ፣ የለም። ሹፌሮቹ ሁሉ ጦር ሰፈሩ በር ላይ ቁጭ ብለው መንግሥት ይለውጣሉ፣ እኛ ጫማ እንጨርሳለን።

አልማዝ ምግብ ቤት ላፈጥር ገባሁ። ያገሬ ሴቶች ቴምራቸውን ትተው አንድ ስልክ ላይ ተደፍተዋል። ያለቅሳሉ። ማን ሞተ ልል አፌን ስከፍት ከስልኩ የራሴን ድምፅ ሰማሁ።

ካንቺ የምደብቀው የለኝም፣ ደብተሬ። ሉባባን የቀበርን ቀን ያለቀስኩት ነው። ሉባባ የመንደሬ ልጅ፣ በረሃውን አብራኝ ያቋረጠች፣ ሰሃፋ ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራ። ወባ ያዛት። አሠሪዋ ሐኪም ቤቱ እስኪነጋ ይቆይ አለች። ሉባባ አልቆየችም። እናቷ እትዬ ፋጡማ ወሎ ቁጭ ብለው ዛሬም ልጄ ለዒድ ትደውላለች ይላሉ። መንደሩ በሙሉ ያውቃል፣ እሳቸው ብቻ አያውቁም። አጎቷ ጋሼ ሰይድና ሽማግሌዎቹ መክረው ጾማቸውን በሰላም ይጨርሱ፣ ዒድ ይለፍ፣ ከዚያ መርዶው ይነገር ብለዋል። እኔ እዚያ ሄጄ ደረቴን መምታት አልችልም። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ወረቀት፣ የለኝም፣ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም። ስለዚህ አለቀስኩና ስልኬ ላይ ቀዳሁት። ከመርዶው በኋላ ይሰማ ብዬ። ከመርዶው በኋላ!

ማን አወጣው? ቢኒ። ሳጃና ያለው ባለ ስልክ ቤት። ባለፈው ሳምንት የተሰነጠቀ ስክሪኔን ሊቀይርልኝ ሰጠሁት። የመክፈቻዬን ምልክት በፕላስተር ላይ ስሎ ጀርባው ላይ ለጠፈው፣ ለሁሉም እንደሚያደርገው። ስክሪኑን ቀየረ፣ ሆዴን ደግሞ በርብሮ ወሰደ። የሰልፈኞች ፎቶ ደርድሮበት ቻናሉ ላይ ጫነው። ሴቶቹ ይቺን እየደጋገሙ ይነፋረቃሉ፦

ፋጤ ሆይ ደጅ ደጁን፣ አትዪ እባክሽን፣
ለካርቱም አሸዋ፣ ዳርንልሽ ልጅሽን።

አንዷ ይቺ እንኳ ተራ ስደተኛ አይደለችም፣ አዲስ አበባ ስቱዲዮ ገብታ ነው አለች። ሌላዋ ተከፍሏት ነው አለች። ከሥሩ የተጻፈውን አየሁ፦ «አልቃሽ፣ ያልታወቀች ስደተኛ»።

የተናደድኩት በስርቆቱ መሰለሽ? አይደለም። «ያልታወቀች» በሚለው ነው።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 10። ጧት።

መዳም ተኝታለች። ጾም የሷ ነው፣ ድካሙ የኔ።

ለቢኒ (ከዛሬ ጀምሮ ቢ. ይበቃዋል፣ ሙሉ ስም ለሰው ነው) የድምፅ መልእክት ላክሁለት። መጀመሪያ ሰደብኩት። ቀጥዬ ስሜን ጻፍበት አልኩት። ዘይነብ መሐመድ ብለህ ጻፍ፣ አገሬንም መንደሬንም ጻፍ፣ ሰው ይወቀኝ። አውርደው አላልኩትም። ለምን አላልኩም? ሴቶቹ ሲያለቅሱ ደስ ብሎኝ ነበራ። አፈር ልብላ፣ ደስ ብሎኛል። እዚህ አገር ስድስት ዓመት ሙሉ ድምፄ «ሐዲር፣ መዳም»፣ እሺ እመቤቴ፣ ብቻ ነበር።

ቢ. የልብ ምልክት ላከ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 13።

ስሜ ወጥቷል። መንደሬም። ምንጣፍ እየጠረግሁ፣ ስልኬን ጉያዬ ውስጥ ሸጉጬ፣ በየመሃሉ አያለሁ። ከቤይሩት ጻፉ፣ ከጅዳ ጻፉ። አንዷ የእናቴን ልቅሶ አንቺ ብታለቅሺልኝ ትላለች። አልማዝ ደወለች፣ አንቺ ነሽ እንዴ፣ ለምን አልነገርሽንም፣ ዓርብ በነፃ ብይ አለች። አልማዝ በነፃ! ታምሪያለሽ ዘይነብ አልኩ ለራሴ።

ሉባባን ዛሬ አላሰብኳትም። እውነቱን ልጻፍ ብዬ እንጂ አያኮራም።

ሐሙስ፣ ግንቦት 15። ቀትር።

ጋሼ ሰይድ ደወሉ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። ገበያ ላይ ልጆች በስልክ ሲያሰሙ አገኘኋቸው አሉ። ስምሽ አለበት፣ መንደራችን አለበት፣ ይሄ ነገር ምንድን ነው? ስምሽ ሳይጻፍ በፊትም የሰማው ሰው ነበር፤ የማንም አገር ልቅሶ መስሎት ያልፈዋል። ፋጤ ሺ ናት። ያልታወቀች ስደተኛ የምታለቅስላት ፋጤ ሺ ናት። የኛ መንደር ዘይነብ የምታለቅስላት ፋጤ ግን አንድ ናት። አሁን ያየ ሁሉ ያውቃታል።

እትዬ ፋጡማ አልሰሙም ገና። ጋሼ በየቤቱ እየዞሩ ስልክ ዝጉ ይላሉ። ለእናት መርዶ ሽማግሌ ነው የሚያረዳት፣ ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድ ከቦ፣ የሚይዛት ሰው አጠገቧ ሆኖ። ከፍየል ተራ የሚሰማ መርዶ የለም። አንቺ ነሽ ያደረግሽው አሉኝ። አይ፣ ሌባው ነው ልል ነበር። አላልኩም። ሌባው እንኳ ሸሽጎልኝ ነበር፤ በራሴ አፍ ነው ያስጻፍኩት።

ለቢ. ደወልኩ። አያነሳም።

አርብ፣ ግንቦት 16።

ሱቁ ሄድኩ። ስልክ የሚያስሞሉ ልጆች ተሰልፈዋል፣ ሁሉም ሰማን። ይስሙ።

አውርደው አልኩት። እናቲቱ ገና አልተነገራትም፣ ዒድ እስኪያልፍ ነው፣ በአላህ አልኩት። አገጩን አሻሸ። ኔት ላይ ከወጣ የሁሉም ነው አለ። ልቅሶ ደግሞ ባለቤት የለውም፣ ማን ልቅሶ ይሸጣል አለ። ታዲያ አንተ ምን እየሸጥክ ነው አልኩት። ስምሽን ጻፍ አልሽኝ፣ ጻፍኩ፣ ከዚህ በላይ ምን አድርግ ትይኛለሽ አለ። እንዲህ ያለ ተመልካች ቻናሉ አይቶ አያውቅም። ለአንዲት ገጠር ላለች አሮጊት ብሎ አያወርድም። አሮጊት ያለው እትዬ ፋጡማን ነው።

ከዚያ ስልኩን አወጣና የቅዳሜውን መልእክቴን ከፍ አድርጎ አሰማ። ስድቡን ቆርጦታል። የቀረችው «ስሜን ጻፍበት፣ ሰው ይወቀኝ» የምትለዋ ብቻ ናት።

«ፈቅደሽ ነው» አለኝ። «ይኸው አፍሽ።»

ልጆቹ ሳቁ። ምራቄን ጫማው ላይ ተፋሁ። ጾሜ ተበላሽቶ ይሆናል፣ አላውቅም፣ ግድ የለኝም።

እሁድ፣ ግንቦት 18። ረፋድ።

ሪሃብ፣ የመዳም ልጅ። ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፣ ቀን ቀን ጦር ሰፈሩ በር ካሉት ተቀማጮች ጋር ትውላለች፣ ቪዲዮ ትቀርጻለች። አንድ የውጭ ቴሌቪዥን የሷን ቪዲዮ ሳይጠይቃት አሳይቶባት ስትጣላ ከርማለች፣ ነገሩን ታውቃለች። ልብሷን እየተኮስኩ ነገርኳት። አለቀስኩም፣ ሸሚዟ ላይ።

ያስረዳችኝን ለራሴ ልጻፈው። ያወጣሽው ግጥምና የቀዳሽው ድምፅ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ያንቺ ነው፤ ማኅተም አያሻውም፣ ፈቃድ የሚሰጥ ቢሮ የለውም። ኔት ላይ መገኘቱ የማንም አያደርገውም። ስምን መጻፍ ፈቃድን አይተካም፤ ሰው የሰው በሬ ሰርቆ ይሄ የእገሌ በሬ ነው ብሎ ቢያርስበት ያው ሌባ ነው አለች። (በሬውን እኔ ጨመርኩ፣ እሷ መኪና ነው ያለችው።) ያንን መልእክትሽን ግን ለቪዲዮው ድርጅት ካሳየ ፈቅዳለች ይላል፣ እሱ ይጎዳሻል፣ ስለዚህ ቶሎ እንቅደመው። ዋናውን ቅጂ እንዳትጥዪ፣ ማስረጃሽ እሱ ነው።

አንቺስ ቪዲዮሽ ላይ የምትለጥፊውን ዘፈን ባለቤቶቹን ትጠይቂያለሽ? አልኳት። ቀላች። እሱ ለሰውራ ነው፣ ለአብዮቱ፣ አለች። ሁሉም ሲሰርቅ ምክንያት አለው። ግን ወደድኳት።

በሷ ስልክ፣ በሷ ኢሜይል ጥያቄውን ሞላን። ለቪዲዮው ድርጅት። ሙሉ ስሜን፣ የሥራው ባለቤት እኔ ነኝ፣ ያለፈቃዴ ተጭኗል፣ ይነሳልኝ። ያላ፣ ጨረስን። መልስ በጥቂት ቀን ኢንሻላህ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 22።

መልስ የለም። ቪዲዮው አለ። ሪሃብን በቀን አሥር ጊዜ እጠይቃለሁ፣ ሰልችታኛለች፣ እኔም ሰልችቻታለሁ።

ጋሼ ሰይድ እንዳሉኝ እትዬ ፋጡማ ወደ ሰው ሲቀርቡ ሰው ስልኩን ይደብቃል። አንድ ቀን ለምን ትደብቁኛላችሁ፣ ሌባ ነኝ እንዴ ብለው ተቆጡ አሉ።

የሳጃና ሴቶች ቀረቡኝ፤ ለኔም፣ ለኔም አልቅሺ ይላሉ። ሂዱ ወደዚያ አልኳቸው። ልቧ አበጠ ብለው ያሙኛል። ይሙኝ።

ሰኞ፣ ግንቦት 26።

ጧት ተኩስ። በጣም ብዙ። ከዚያ ዝናብ፣ ከዚያ ተኩስ። ወታደሮቹ ጦር ሰፈሩ በር ላይ የተቀመጡትን ልጆች በተኗቸው። በተኗቸው የሚለው ቃል አይበቃም፣ ሌላ ግን አልጽፍም። መዳም መሬት ላይ ተቀምጣ ሪሃብን ትጠራለች። እኔም እጠራለሁ፣ በአማርኛ።

ሪሃብ ከቀትር በኋላ መጣች። ባዶ እግሯን። አትናገርም። እግሯን አጠብኩላት፣ ደሙ የሷ አይደለም። ስልኳ እዚያ ወድቋል።

ኔት ጠፋ። አገሩ በሙሉ። ጥሪ ብቻ ይሠራል። የሞላነው ጥያቄ፣ ኢሜይሉ፣ ሁሉም ከስልኳ ጋር። ዛሬ ስለዚያ ማሰቤ ራሱ ነውር ነው። አሰብኩ ግን። ቪዲዮውን እዚህ ማንም አያየውም፣ ወሎ ግን ይታያል።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 27። ዒድ።

ዒድ ብለን ጠራነው እንጂ ዒድ አይደለም። ጎረቤት ሁሉ በሩን ዘግቷል። ብስኩት የበላ የለም።

የማላውቀው የኢትዮጵያ ቁጥር ደወለ። አነሳሁ። እትዬ ፋጡማ። የጎረቤታቸውን የከድጃን ስልክ ለምነው። ዒድ ሙባረክ አሉኝ፣ መረቁኝ፣ እናትሽ ደህና ናት አሉኝ። እኔ አሚን አሚን እያልኩ የበረንዳው ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ።

ልጆች ደጅ አንድ ልቅሶ ሲያሰሙ ሰማሁ አሉ። እኔን ሲያዩ አጠፉት፣ ግን ሰማሁት። ድምፁ ያንቺ ነው፣ ከሕፃንነትሽ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

«ዘይኔ ልጄ፣ በጾሜ ይሁንብሽ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ያቺ ፋጤ እኔ ነኝ?»

ምን ልበል? አጠገባቸው ማን እንዳለ አላውቅ፣ ሽማግሌ የለ፣ የሚይዛቸው የለ። በስልክ፣ በዒድ፣ ከኔ አፍ?

«አይደሉም» አልኩ። «ድምፁም የኔ አይደለም። ስሜን በሐሰት ጽፈውበት ነው፣ እትዬ።»

ሳቁ። አልሐምዱሊላህ፣ ሆዴ ሳይፈነዳ አሉ፣ ለዚያች ለሌላዋ እናት አላህ ጽናቱን ይስጣት አሉ። ሉባባን አቅርቢልኝ አሉ። ሰሃፋ ናት፣ መንገድ ዝግ ነው አልኩ። መንገድ ዝግ መሆኑ ብቻ እውነት ነው።

ሁለት ሳምንት ሙሉ የኔ ነው፣ የኔ ነው፣ ባለቤቱ እኔ ነኝ ስል ከረምኩ። ሰው ፊት ለፊት ሲጠይቀኝ የኔ አይደለም አልኩ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 29።

ትናንት ጎህ ሲቀድ አረዷቸው። ጋሼ ሰይድ ነገሩኝ፣ ድምፃቸው የለም። እትዬ ፋጡማ መጀመሪያ አላለቀሱም አሉ። መጀመሪያ የጠየቁት ዘይነብ ታውቅ ነበር ወይ ብለው ነው። ቀብራታለች ሲሏቸው፣ በዒድ ቀን በጾሜ አስምያት ዋሸችኝ፣ ከእንግዲህ የዚያችን ልጅ ስም ደጃፌ ላይ አትጥሩ አሉ። ከዚያ ነው የወደቁት።

ይገባኛል። አንድ ሌሊት ሰጠኋቸው መስሎኝ ነበር። አንድ ሌሊት ልጃቸው በሕይወት አለች ብለው ተኙ፣ ሲነጋ ያ እንቅልፍ ራሱ ጠላት ሆነባቸው።

ጋሼ ልቅሶውን ላኪልን፣ ከመርዶው በኋላ ይሰማ ያልሽው የት አለ አላሉኝም። ማን ይፈልገዋል። ስልኬን ከፈትኩ። ዋናውን ቅጂ አገኘሁት። ይሰረዝ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ይሰረዝ። ድጋሚ ጠየቀኝ። አዎ፣ ከነሥሩ።

ሪሃብ አትጥዪ ብላኝ ነበር። ሪሃብ ራሷ አሁን ለማንም አትናገርም።

እሁድ፣ ሰኔ 2።

አድማ ነው። ከተማው በሙሉ ዝግ። ዳቦ እንኳ የለም።

ጋሼ ሰይድ ደወሉ። ቀስ ብዬ ልጻፈው፣ እንዳላጣምመው።

ሐሙስ ከሰዓት እትዬ ፋጡማ ከድጃን ጠርተው ያንን ልቅሶ አሰሚኝ ብለዋታል። ሰሙት። ድጋሚ አስከፈቱ። ዓርብ ሙሉ ቀን፣ ቅዳሜ ሙሉ ቀን። ልቅሶ ደራሹ ሁሉ በሱ ያለቅስ ነበር አሉ። እሱ ካልተከፈተ እህል አይቀምሱም። አስክሬን የላቸው፣ መቃብር የላቸው፣ ያላቸው እሱ ነው። የኔን ስም ግን ማንም አያነሳም፣ እሳቸውም አያነሱም፤ ድምፁን ብቻ ይሰማሉ።

ዛሬ ጧት ከድጃ ስትከፍተው ጥቁር ሆነ። ጽሑፍ አለው። የመንደሩ አስተማሪ አነበበላቸው። ይህ ቪዲዮ በዘይነብ መሐመድ የባለቤትነት ጥያቄ ምክንያት ተነስቷል።

ጥያቄዬ ሠርቷል። ኔት ስለሌለ ቢ. መቃወም አልቻለም፣ ያንን የተቆረጠ መልእክቴን ማሳየት አልቻለም። ኔት ስለሌለ እኔም ተውኩት ማለት አልችልም። ስሜ ብቻውን ጥቁሩ ላይ ቆሟል፣ እንደተመኘሁት ሰው ሁሉ አወቀኝ።

እትዬ ፋጡማ ምን አሉ ብዬ ጠየቅሁ። መጠየቅ አልነበረብኝም።

«መርዶዬን ደበቀችኝ፣ እሺ» ብለዋል አሉ። «ልቅሶዬን ደግሞ ምን አድርጌያት ነው የወሰደችብኝ?»

ጣራው ላይ ወጣሁ፣ የልብስ ማስጫው ጋ። ስልኬን ከፍቼ እንደገና ልቅዳው አልኩ። ግጥሙ አለ፣ ዜማው አለ። ልቅሶው የለም። ድምፄ ሥራ ላይ እንዳለች ሴት ይወጣል፣ ጥርት ብሎ፣ ደርቆ። የቀበርናት ቀን አሸዋው ጥፍሬ ውስጥ ነበር። አምስት ጊዜ ሞከርኩ፣ ሁሉንም አጠፋሁ። እንዲህ ያለውን ብልክላቸው ስድብ ነው።

ሰኞ፣ ሰኔ 3። ከሰዓት።

ለቢ. ደወልኩ። ቪዲዮው መነሳቱን አልሰማም፣ ከኔ ሰማ። በደንብ ሰደበኝ፣ ሰማሁት። ቅጂው አለህ ወይ አልኩ። ሱቁ ኮምፒውተር ላይ አለ፣ እኔ ፋይል አልጥልም፣ አንቺ ነሽ የምትጥዪ አለ። ሌላ ዕቃህን አልጠየቅኩህም፣ አንድ ቅጂ ብቻ በሜሞሪ ካርድ ስጠኝ፣ ለእናቲቱ ነው አልኩ። ለመንኩት። ቢ.ን ለመንኩት፣ ደብተሬ፣ ጫማው ላይ የተፋሁበትን ሰው።

ዋጋውን ነገረኝ። አድማው አልቆ ሱቁ ሲከፈት እኔ ወደሱ እሄዳለሁ። ስልኩን አፌ ስር ያደርጋል። ልቅሶው የቢኒ ነው፣ ሙሉ በሙሉ የሱ ነው፣ ሁለተኛ አልጠይቅም ብዬ እናገራለሁ፣ በሙሉ ስሜ። ይቀዳዋል። በዚያ ላይ ሰሞኑን ለሞቱት ልጆች ደግሞ ሌላ አለቅስለታለሁ፣ ኔት ሲመለስ የሚጭነው፣ ብዙ ሰው የሚያየው። በዚህ ከተስማማሁ ካርዱን እወስዳለሁ። አልስማማም ካልሽ አሁኑኑ እሰርዘዋለሁ አለ።

ሪሃብ ክፍሏ በር ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። አማርኛ አይገባትም፣ ፊቴ ግን ገብቷታል። ምንድን ነው አለችኝ፣ ካለፈው ሰኞ ወዲህ የመጀመሪያ ቃሏ ነው። ነገርኳት። ሕጉ ካንቺ ጋር ነው አለች። አውቃለሁ አልኳት። ስለሞቱት ልጆች ስነግራት ወደ ግድግዳው ዞረች። እነዚያን እሷ ታውቃቸው ነበር። ይቅር በይኝ አላልኳትም፣ ይቅር የምትለው ነገር አይደለም።

እሄዳለሁ። ያንተ ነው እለዋለሁ፣ ጥርት ባለ ድምፅ፣ እንዳያስደግመኝ። የሚያስለቅሰኝንም አለቅስለታለሁ። ካርዱን ቅዳሜ በመተማ አድርጋ ወደ አገር ለምትገባው ልጅ እሰጣታለሁ፣ ጉያዋ ውስጥ ሰፍታ ታደርሳለች ኢንሻላህ።

ጋሼ ሰይድን አንድ ነገር ለመንኳቸው። እትዬ ፋጡማ ማን ላከልኝ ካሉ ከኔ አትበሏቸው አልኩ፣ ከኔ ከሆነ አይሰሙትም። ባለ ስልክ ቤቱ ነው፣ አዝኖላችሁ ነው በሏቸው። ይመርቁት።